ዋለልኝ ሃምሳ እስኪደፍን

ገብረ ክርስቶስ ዋለልኝን የሰደበው የዛሬ አስራ አንድ ዓመት፣ በመስከረም ወር ሦስተኛው እሑድ፣ ቶሮንቶ፣ ዌስተን ሰፈር ካለው የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ፣ የወዳጃቸው የሶልያና ልጅ ክርስትና የተነሳች ዕለት ነው። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ተኩል ገደማ ይሆናል፤ ዶሮው ተበልቶ አልቆ፣ ሰው ግን ገና ወደ ኬኩ አልዞረም ነበርና። ዋለልኝ ከመውጫው በር አጠገብ ቆሟል። በቀኝ እጁ የወረቀት ሳህን፣ በግራው ደግሞ ግማሽ እንቁላል ይዟል። ሌላውን ግማሽ ማን እንደበላው እንኳ ያስታውሳል።

ገብረ ክርስቶስ ማለት የሙሉእመቤት ታላቅ ወንድም ነው፤ ሙሉእመቤት ደግሞ የዋለልኝ ሚስት ናት። እንግዲህ የማይሸሹት ዘመድ ማለት ይኸው ነው። ኖርዝ ዮርክ ቢሮ ከፍቶ የሰው ታክስ ይሠራል። አንገቱ ላይ ሁለት መነጽር ያንጠለጥላል፤ አንዱ ለቅርብ፣ አንዱ ለሩቅ። ሰው ሲንቅ ግን ሁለቱንም አውልቆ ነው።

የዚያን ዕለት ነገሩን የጀመረችው የሙሉእመቤት ጓደኛ ተናኜ ናት፤ ክፋት አስባ አይደለም። «ዋለልኝዬ፣ አሁን ደግሞ ምን እየሠራህ ነው?» አለችው።

«ሪል እስቴቱን ልጀምር ነው» አለ ዋለልኝ፣ እንቁላሉን እንደያዘ።

ይኼኔ ገብረ ክርስቶስ ከወዲያኛው ጠረጴዛ መነጽሮቹን አወለቀ።

«እባክሽ ተይው! ዋለልኝ እኮ ጅምር ቤት ነው። ግድግዳው ቆሟል፣ በሩ ተገጥሟል፤ ቆርቆሮ ግን የለውም። ዝናብ ሲመጣ ማን ይጠለልበታል?»

አዳራሹ ሳቀ። መጀመሪያ የሳቀችው ራሷ ተናኜ ናት፤ እጇን ወደ አፏ የወሰደችው በደንብ ከሳቀች በኋላ ነው። ሕፃኗ እንኳ፣ ያን ሁሉ ሰዓት ስታለቅስ የዋለችው፣ ዝም ብላ አየችው።

ስድቡ ሐሰት ቢሆን ኖሮ እኮ ዋለልኝን ባልቆጠቆጠው ነበር። የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ጥገና ኮርስ ጀምሮ ማሞቂያውን ተምሯል፤ ማቀዝቀዣው ላይ ሲደርስ አስተማሪው በስሙ ሳይሆን «ቡዲ» ብሎ ስለጠራው ትቶ ወጣ። የጭነት መኪና መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ የጽሑፉን ፈተና አልፏል፤ የመንገዱን ፈተና የምትፈትነው ሴትዮ ቀበቶ ስታስር ስለተነፈሰችበት፣ «ምን ለማለት ነው?» ብሎ ወርዷል። ቤቱ ውስጥ ግማሽ ቀለም የተቀባ ሳሎን አለ። ሙሉእመቤት ያልተቀባውን ግድግዳ በመጋረጃ ሸፍና፣ እንግዳ ሲመጣ «መስኮት ነው» ትላለች።

ግን ደግሞ ዋለልኝ ያደገው ደብረ ብርሃን ነው፤ ገና ሲጫወት። እዚያ ሜዳ ላይ፣ የገና ዱላ ይዞ ሩሯን ሲለጋት፣ ሩሯ ወዴት እንደሄደች የሚያውቀው እሱና ፈጣሪ ብቻ ነበሩ። በገና ጨዋታ ደግሞ ስድብ ነጻ ነው። ግጥም ሆኖ ይወረወራል፤ የተሰደበም እዚያው በግጥም ይመልሳል። ማንም አይቀየምም። ዝም ያለ ግን፣ ጨዋታውን ቢያሸንፍም ተሸንፏል። ዋለልኝ ከደብረ ብርሃን ይዞት የወጣው ሕግ ይህ አንድ ብቻ ነው፤ የቀረውን ሁሉ አየር መንገዱ ከሻንጣው ጋር አጥፍቶበታል።

ስለዚህ ያን ዕለት እንቁላሉን ውጦ መልስ መግጠም ጀመረ። የመጀመሪያዋ ስንኝ ወዲያው መጣችለት፦

ገብረ ክርስቶስ ሆዬ፣ ምላሱ ረጅም፣

ከዚያ በኋላ ምንም። ኬኩ ተቆረሰ፣ ሰው ተሳሳመ፣ ወንበር ተነሳ፤ ሁለተኛዋ ስንኝ የውሃ ሽታ ሆና ቀረች። እነሆ አስራ አንድ ዓመት። አውቶቡስ ሲጠብቅ ይሞክራታል፤ ሻወር ውስጥ ይሞክራታል፤ ቅዳሴ ላይ ሳይቀር ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ የሚያዩት እናቶች «ምን ዓይነት ጸሎተኛ ነው!» ይላሉ።

«ዛሬም እሷን ነው?» ትለዋለች ሙሉእመቤት ከኩሽና።

«ልትመጣ ነው።»

«እስክትመጣ ሩዙን አማስልልኝ፤ ሊያርብኝ ነው።»

ክሪኬት የመጣው በዚህ መሐል ነው።

ዋለልኝ ኢቶቢኮ፣ አውሮፕላኖቹ ሆዳቸውን እያሳዩ ከሚያርፉበት አካባቢ፣ ዌርሃውስ በሚሉት የዕቃ መጋዘን ውስጥ ነው የሚሠራው። በብሬክ ሰዓት ፓኪስታኖቹና ሕንዶቹ ፓርኪንጉ ላይ ፕላስተር በተጠቀለለባት የቴኒስ ኳስ ይጫወታሉ። ፎርክሊፍት የሚነዳው ዙበይር፣ የላሆር ሰው፣ ሆዱ ቀደም እሱ ከተል የሚል፣ አንድ ቀን ጠፍጣፋውን ዱላ አቀበለው። «ና ሞክር» አለው። ዋለልኝ ዱላውን አገላብጦ አየው። ጫፉ ያልቆለመመ የገና ዱላ፤ አናጢው ሰልችቶት የተወው የሚመስል። ኳሷ ነጥራ ስትመጣ ከታች ወደ ላይ ለጋት። ተጎታቾቹን አልፋ፣ አጥሩን ተሻግራ፣ የጎረቤቱ ፋብሪካ ጣራ ላይ ወጣች። አሁንም እዚያው ናት።

ዙበይር እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «አንተ ሰው፣ እስካሁን የት ነበርክ?»

«ደብረ ብርሃን» አለ ዋለልኝ።

በዚያው ሳምንት ቡድን ውስጥ አስገቡት። ነጭ ሱሪ ሰጡት፤ ከሱሪው ጋር ግን ሕጉን የነገረው የለም። ለነገሩ ማን ይጠረጥራል? የመጀመሪያዋን ኳስ ሲመታት ሰው ሁሉ «ሩጥ! ሩጥ!» አለ። በክሪኬት የመታ ሰው የሚሮጠው፣ ማዶ ከቆመው ሁለተኛ መቺ ጋር ቦታ እየተለዋወጠ፣ ከአንዱ የእንጨት ችካል ወደ ሌላኛው ነው፤ ነጥብ የሚቆጠረውም በዚያ ነው። በገና ግን የመታ ሰው ኳሱን ነው የሚከተል። ዋለልኝም ኳሷን ተከተላት። ከሩቅ ሊያነሳት ከሚሮጠው ልጅ ጋር እሽቅድምድም ገጥሞ ቀደመው፤ ደርሶም ደግሞ ለጋት። ዳኛው፣ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ የጃማይካ ሽማግሌ፣ ጣታቸውን ቀስ ብለው አነሱ፤ ኳስን አስቦ ሁለት ጊዜ የመታ ከጨዋታ ይወጣል።

«በሕይወቴ ሙሉ እንዲህ ሆኖ የወጣ ሰው አይቼ አላውቅም» አለ ዙበይር፣ እንባ እስኪወጣው ስቆ። «ታሪክ ሠራህ፣ ወንድሜ!»

ዋለልኝ «ወንድሜ» ያለውን ትቶ ሳቁን መዘገበ። ቢሆንም ሕጉን ተማረ፤ ሕጉን በተማረ በዓመቱ ስሙ ከመናፈሻ መናፈሻ ዞረ። የመታት ኳስ መኪና መስታወት ሰብራለች፤ የዙበይርን ራሱን። አንዷ ሰው ባርቤኪው ላይ አርፋ ቋሊማ ይዛ ተመልሳለች። «ይሄ ሰው ለክፍለ ሀገሩ ቡድን ይገባል፤ ከዚያም ለአገሩ» ተባለ። ሊያየውም መራጭ መጣ፤ ጸጉሩን በዘይት ያስተኛ፣ ትንሽ ወንበሩን ይዞ የመጣ ሰው። ዋለልኝ ዓይን ሳይታሸ አርባ ነጥብ ደረሰ። መራጩ ወንበሩን አስጠጋ።

ከመቺው ኋላ፣ ከችካሎቹ ጀርባ ጓንት አድርጎ የሚቆም ያዥ የሚባል ሰው አለ። ሥራው ያመለጠ ኳስ መያዝ ነው፤ ግማሹ ሥራው ግን ማውራት ነው። ያዡ የዋለልኝን ጫማ አየ፤ የዌርሃውሱን፣ አፍንጫው ብረት ያለውን። «ጌታው፣ ከዚህ ሄደህ ቧንቧ ልትጠግን ነው?» አለው።

ዋለልኝ ዞረ። እንግዲህ ዝም ያለ ተሸነፈ አይደል? በአማርኛ ገጠመለት፤ ያዡ እንዳልገባው ሲያይ ወደ እንግሊዝኛ ይተረጉምለት ጀመር። ጫማን «ሹ» ብሎ ሲተረጉም ኳሷ ከኋላው መጥታ ሦስቱን ችካሎች በተነቻቸው፤ ችካሉ የተበተነበት መቺ ደግሞ ከጨዋታ ይወጣል። መራጩ ወንበሩን አጠፈ።

ከዚያ ወዲያ እንዲህ ሆነ ኑሮው። አርባ ሁለት ላይ ስለ ሆዱ አነሱበት፤ መለሰ፤ ወጣ። አርባ ሰባት ላይ ስለ ሱሪው። አንድ ጊዜ አርባ ዘጠኝ ደርሶ፣ ሃምሳ ለመድፈን አንዲት ነጥብ ሲቀረው፣ ያዡ ምንም ሳይል አስነጠሰ፤ ዋለልኝ «በማን ነው የምታስነጥስ?» ብሎ ሲዞር አለቀለት። በክሪኬት ሃምሳ የደፈነ ሰው ዱላውን ወደ ሰማይ ያነሳል፣ ተጋጣሚው ሳይቀር ያጨበጭብለታል። ዋለልኝ ይህችን ዱላ ማንሳት መስታወት ፊት ተለማምዷታል፤ ሜዳ ላይ ግን አንድም ቀን አላነሳትም።

በመሐሉም ያኮርፋል። ሰባተኛ መቺ አድርገውኛል ብሎ ሁለት ክረምት ቀረ፤ ተለምኖ ተመለሰ። የቡድኑ ፎቶ ላይ ግንባሩ ተቆርጦ ስለወጣ ሌላ ክረምት ቀረ። ዙበይር ቤቱ ድረስ ሚስቱ የሠራችውን ቢርያኒ ይዞ እየመጣ ይለምነዋል። ሙሉእመቤት ቢርያኒውን ስለወደደችው፣ «ትንሽ ቆይተህ ታረቅ» ትለዋለች።

ገብረ ክርስቶስ ይህንን ሁሉ ሰማ። እሱ የማይሰማው ምን አለ? በየልደቱ፣ በየሠርጉ፣ በየለቅሶው ሳይቀር መነጽሮቹን አውልቆ፣ «እህሳ ዋለልኝ፣ ሃምሳ ደፈንክ?» ይለዋል። ባለፈው ፋሲካ ግን የባሰ ነገር ተናገረ። ዋለልኝ አርባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ የተወለደው ጳጉሜ ላይ ነው።

«ግድ የለህም» አለው ገብረ ክርስቶስ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ጨዋታው ቢያቅትህ በዕድሜህ ትደፍነዋለህ!»

ተናኜ ሳቀች። አሁንም እሷው ናት የቀደመችው።

ዋለልኝ የዚያን ዕለት ማለ። ጳጉሜ ሳትገባ፣ ዕድሜው ሃምሳ ሳይል፣ በዱላው ሃምሳ ሊደፍን። ካልሆነለት ዱላውን ሰባብሮ ለተናኜ ባርቤኪው ሊሰጣት። ከዚያ በኋላ ክረምቱን ሙሉ ሠላሳዎቹና አርባዎቹ ላይ ሲንከራተት ከረመ፤ በየቦታው ሰው እየሰደበው፣ እሱም እየመለሰ። በመጨረሻ አንድ ግጥሚያ ብቻ ቀረ። እሱም በፍልሰታ ጾም ቅዳሜ ዋለ፤ ተጋጣሚዎቹም የጎረቤቷ ከተማ፣ የብራምፕተን ልጆች ሆኑ።

የብራምፕተኖቹ ያዥ ጉያናዊ ነው። ዋለልኝ ወፍጮ ብሎ ስም አውጥቶለታል፤ ጠዋት ከተነሳ ማታ ነው የሚቆም። ከጨዋታ ውጭ ደግ ሰው ነው፤ አንድ ጊዜ የዋለልኝ መኪና ባትሪ ሲሞት ያስነሳለት እሱ ነው። ጓንቱን ሲያጠልቅ ግን ሌላ ሰው ይሆናል።

ጾሙ ሊገባ ሲል ዋለልኝ እንደ ልማዱ ንስሐ ሊገባ ወደ መምሬ ጥጋቡ ሄደ። መምሬ ጥጋቡ የንስሐ አባቱ ናቸው፤ በስተርጅና ጆሯቸው ደከም ብሏል፣ ስለዚህ ኃጢአቱን ጮክ ብሎ መናገር አለበት፤ ወረፋ የሚጠብቁት ይሰማሉ።

«ያው ነው አባቴ። ሰው ይሰድበኛል፣ እኔም እመልሳለሁ።»

«ስንት ሰው?»

«በክረምት ይበዛሉ።»

መምሬ ጢማቸውን አሹ። «እንግዲያው ቀኖናህ ይህ ነው። ጾሙ እስኪፈታ ለሚሰድብህ መልስ አትስጥ። አንድም ቃል።»

ዋለልኝ ደነገጠ። «ስግደት አይሻልም አባቴ? አምስት መቶ ልስገድ። ሺ ይሁን!»

«ያጠፋው ጉልበትህ ነው እንዴ?»

«ቅዳሜ እኮ ጨዋታ አለብኝ! እነዚያ ሰዎች ከሰደቡኝና ዝም ካልኩ እኮ...»

«ዝም ካልክ ምን ትሆናለህ?»

ዋለልኝ አሰበ። እውነቱን ለመናገር፣ አይቶት ስለማያውቅ ምን እንደሚሆን አያውቅም። መስቀሉን ተሳልሞ ወጣ። በር ላይ ወረፋ የያዙት ሴትዮ «አይዞህ፣ ያልፋል» አሉት።

ቅዳሜ ጠዋት ሜዳው ጥግ ላይ ለዙበይር ነገሩን አስረዳው። ዙበይር ጾም ሲባል ቶሎ ይገባዋል፤ እሱም ረመዳንን ጾሞ ተጫውቶ ያውቃል።

«ምግብ ነው ያልበላህ?»

«በልቻለሁ፤ ሥጋና ቅቤ የለውም እንጂ። የማልበላው መልስ ነው።»

«ጥሩ! አትመልስላቸው። ግን ለኔ ትመልሳለህ አይደል? አብረን ስንሮጥ 'ና'፣ 'ቁም' መባባል አለብን።»

ዋለልኝ ትንሽ አሰበ። አንዴ አፉ ከተከፈተ የሚዘጋው እንደሌለ ራሱን ያውቃል። «አልችልም። ከገባሁ አንድም ቃል አይወጣኝም። በምልክት እናድርገው። ዱላ ካነሳሁ ሩጥ፣ ካላነሳሁ ቁም።»

ዙበይር ወደ ሰማይ አየ። የራሱን ጸሎት ይሆናል።

ዋለልኝ ሊገባ ሲል ዳር ላይ ያየውን ማመን አቃተው። ሙሉእመቤት መጥታለች፤ እሷስ ትምጣ። ከአጠገቧ ግን ተጣጣፊ ወንበር ዘርግቶ፣ እግሩን አነባብሮ፣ የሩቁን መነጽር አድርጎ የተቀመጠው ገብረ ክርስቶስ ነው። በአስራ አንድ ዓመት አንድ ቀን ሜዳ ረግጦ አያውቅም!

«እሱ ምን ይሠራል?» አለ ዋለልኝ።

«እኔን ሊያደርሰኝ ነው ያለው» አለች ሙሉእመቤት፣ ራሷም ሳታምን።

ገባ። ችካሎቹ ፊት ቆመ። ከኋላው ወፍጮ ጓንቱን አጨበጨበ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ከዚያም ቃል በቃል እየረገጠ፣ በአማርኛ፣ «እርስዎ! ጅምር ቤት ነዎት!» አለ።

በብራምፕተን ልጅ አፍ! ያችው የመስከረም ስድብ!

«ቆርቆሮ የለዎትም!» ጨመረ ወፍጮ፣ በራሱ ተደስቶ።

ዋለልኝ ወደ ዳር አየ። ገብረ ክርስቶስ ከወንበሩ ላይ እጁን አወዛወዘለት። ነገሩ ያን ያህል ምሥጢር አልነበረም። ወፍጮ በየዓመቱ ታክሱን የሚያሠራው ገብረ ክርስቶስ ዘንድ ነው፤ ያንን ዋሊ የሚባል የአገሩን ሰው ምን ብለው ቢሰድቡት እንደሚያመው ጠየቀው፤ ገብረ ክርስቶስም ከዚህ የበለጠ አስደሳች ደንበኛ ገጥሞት ስለማያውቅ ቁጭ አድርጎ አስጠናው። ስድቡን በአንቱ ያስተማረው ደግሞ ነገ እኅቱ ሰምታ ብትጮህበት «በአክብሮት እኮ ነው» ለማለት ነው። ጠንቃቃ ሰው ነው፤ ታክስ ሠራተኛ አይደል?

ግጥሚያው እዚያው ሊያልቅ ነበር። የዋለልኝ ምላስ ላንቃው ላይ ሁለት ጊዜ ተነሳች፤ ሁለት ጊዜ መምሬ ጥጋቡን አስቦ ዋጣት። ግን ደግሞ ሌላ ነገር ተሰማው። ካናዳ ከገባ ጀምሮ እሱን አንቱ ያለው ሰው የለም። የዌርሃውሱ ልጆች «ሄይ ዋሊ» ይሉታል፤ የሶልያና ልጅ፣ ያቺ እንቁላል ይዞ ያያት ሕፃን፣ «ዩ» ትለዋለች። እርስዎ! ሳያስበው ወገቡን አቀና፣ ኮፍያውን አስተካከለ። የመጣችውን ኳስ በክብር ለጋት፤ ዛፎቹን አልፋ ሄደች።

«እርስዎ ሰነፍ ነዎት!» አለ ወፍጮ።

አሁንም ለጋት።

«እርስዎ ሩዝ አያማስሉም!»

ይህችኛዋ ከቤት የወጣች ወሬ ናት። ዋለልኝ ሙሉእመቤትን በዓይኑ ፈለጋት፤ እሷ ወንድሟን በክርኗ ስትደቁሰው አየ።

መቸም ያለ ጉድ አይሄድለት፣ ሃያ ላይ ሳለ አንዲት ተርብ መጣችበት። በነሐሴ የቶሮንቶ ተርብ እንዴት እንደምታደርግ የታወቀ ነው። በዱላው አባረራት። ከወዲያ ማዶ የቆመው ሁለተኛ መቺ፣ ዙበይር ምልክቱን የነገረው፣ ጸጉሩ እንደ ጥጥ የነጣ የፑንጃብ ሰው፣ ዱላ ተነሳ ብሎ ነፍሱን ይዞ ሮጠ። ዋለልኝ አልተንቀሳቀሰም። ሰውየው መሐል ሜዳ ሲደርስ ችካሉ ተመታ፤ ወጣ። ሲያልፍ በቋንቋው ረጅም ነገር ተናገረ። ዋለልኝ ስድብ ይሁን ምርቃት ስላልገባው፣ ለጥንቃቄ እሱንም አልመለሰለትም።

በሱ ቦታ ዙበይር ገባ፣ ሆዱን እያስቀደመ። «ተርብ ከመጣች ትንደፍህ» አለው ሲያልፍ። «ዱላ እንዳታነሳ!»

ሠላሳ ደረሰ። አርባን አለፈ። ዋለልኝ ምን እንደሆነ አሁን ገባው፤ ዝም ያለ ሰው ኳስ ያያል። ክሪኬት ከጀመረ ወዲህ አንድ ጊዜ እንኳ ኳሷን እስከ ዱላው ድረስ አይቷት አያውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ ግማሽ መንገድ ላይ ስንኝ ይፈልግ ነበርና። አሁን መስፊያዋ ክር ሳይቀር ይታየዋል።

የተቸገረው ወፍጮ ነው። የተማረው አማርኛ አለቀበት። ጅምር ቤቱን ስድስት ጊዜ አለው፣ ቆርቆሮውን አስር ጊዜ። ዜማ እንደጠፋበት የቆሎ ተማሪ ወደ መምህሩ ዓይኑን ይልካል፤ ገብረ ክርስቶስም ከወንበሩ ተነስቶ፣ እጁን አፉ ላይ አድርጎ፣ ከዳር ሆኖ ያቀብለዋል። «'በርዎም ይንቋረራል' በለው!»

«በርዎም ይንቁ... ይንቃ...» አለ ወፍጮ፣ ምላሱ ታስሮ።

አርባ ዘጠኝ።

አንዲት ነጥብ። ሙሉእመቤት ነጠላዋን ጨብጣ ቆማለች። ወርዋሪው ከሩቅ ተንደርድሮ መጣ፤ ኳሷ ዝቅ ብላ ደረሰች፤ ዋለልኝ ሊለጋት አስቦ በጠርዙ ብቻ ነካት። ሦስት እርምጃ ያህል ተንከባላ ሄደች። ይህች አትበቃም። ዙበይር ግን ዱላውን አነሳ፤ ሆዱም መንገድ ጀመረ። ምን ምርጫ አለ? ዋለልኝ ሮጠ። አርባ ዘጠኝ ዓመቱን፣ የብረት ጫማውን፣ የሽሮውን ምሳ ተሸክሞ ሮጠ። ዙበይር እየተንከባለለ ወደዚህ ሲመጣ፣ ዋለልኝ እየተንገዳገደ ወደዚያ ሲሄድ፣ መሐል ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጋጭተው ዋለልኝ እንደ ዶሮ ተሽከረከረ። ተጋጣሚው ልጅ ኳሷን አንስቶ፣ የቱ ችካል እንደሚቀርብ አይቶ፣ ዙበይር ወደሚሮጥበት፣ ወደ ወፍጮ ወረወራት። ወፍጮ ይዞ ችካሉን ቢነካ ዙበይር ይወጣል፤ ነጥቧም አትቆጠርም። ልጅ እንኳ የሚይዛት ኳስ ናት።

ወፍጮ ግን ፊቱን ወደ ዳር አዙሮ ነበር።

«ቀጣዩ ምንድነው?» ሲል ጮኸ ወደ ገብረ ክርስቶስ።

«'ግድግዳዎም ዘሟል' በለው!» ሲል ጮኸ ገብረ ክርስቶስ።

«ግድግዳ...» አለ ወፍጮ፤ ኳሷ በሁለት እግሮቹ መሐል አለፈች።

ሃምሳ!

ሙሉእመቤት እልልታዋን ለቀቀችው። ሁለት ውሾች ጮኹ፣ ብስክሌት የሚነዳ ሰውዬ ወደ ሣሩ ገባ። የጃማይካው ሽማግሌ ዳኛ ኮፍያቸውን አነሱ። ብራምፕተኖቹ አጨበጨቡ፤ ወፍጮ ራሱ ጓንቱን ጥሎ «ብራቮ ዋሊ» አለና፣ ትንሽ አስቦ፣ «እርስዎ» ጨመረበት። ዋለልኝ መስታወት ፊት የተለማመዳትን ዱላ ወደ ሰማይ አነሳት። ዙበይር ለመሮጥ ሁለት እርምጃ ከሄደ በኋላ ነው የደስታ መሆኗ የገባው።

እንደገና የመምታት ተራው ሲደርሰው በመጣችው ኳስ ሦስቱም ችካሎች ተበተኑ። ዋለልኝ ዞር ብሎም አላያቸው። ዱላውን በብብቱ ይዞ፣ እየተጨበጨበለት፣ ወደ ዳር ሄደ። እዚያ ገብረ ክርስቶስ ይጠብቀዋል።

«እንኳን ደስ ያለህ» አለ ገብረ ክርስቶስ። እጁን ዘረጋለት፤ በሌላው እጁ ግን ሁለቱንም መነጽር ሲያወልቅ ዋለልኝ አየ። «ሃምሳ! ይሄን ካንተ አልጠበቅሁም። ቅድም እዚህ የተቀመጡትን ስጠይቅ ግን ምን አሉኝ መሰለህ? ለካ በእነሱ ቋንቋ ይሄ ግማሽ መቶ ነው የሚባለው። ግማሽ!» ወደ እኅቱ ዞረ። «ሰማሽ ሙሉዬ? ሙሉው መቶ ነው። ይሄ እኮ ጅምሩ ነው!»

ዳር ከተቀመጡት አበሾች አንድ ሁለቱ ሳቁ። ተናኜ አልመጣችም እንጂ ትቀድማቸው ነበር።

ዋለልኝ ቆመ። ዓይኑ ከገብረ ክርስቶስ ፊት ወረደና ኋላው ያለችው ተጣጣፊ ወንበር ላይ አረፈ። ያኔ፣ ከአስራ አንድ ዓመት በኋላ፣ ሳይጠራት፣ ቤቷን ይዛ፣ ልክ ተቆርጣ እንደተሰፋች፣ ሁለተኛዋ ስንኝ መጣች፦

ገብረ ክርስቶስ ሆዬ፣ ምላሱ ረጅም፣
ተጣጣፊ ወንበር፣ ሩጫ አያውቅም።

እንዴት ያለች ናት! አፉ ውስጥ እንደ ትኩስ ድንች አገላበጣት። ደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ ብትወረወር ሰው መሬት እየመታ የሚስቅባት። እዚህ እንኳ ቢላት፣ እነዚያ ሁለቱ አበሾች በዚያው ቀን ለዌስተን፣ ለስካርቦሮ፣ ለተናኜም ያደርሷት ነበር። ከንፈሩ ተላቀቀ። ሙሉእመቤት አየችው፤ ሃያ ሁለት ዓመት አብራው ስለኖረች መምጣቷን ከፊቱ አወቀች።

«መጣች?» አለችው ቀስ ብላ።

ራሱን ነቀነቀ።

«እህሳ?» አለ ገብረ ክርስቶስ፣ መነጽሮቹን እያወዛወዘ። «ምን ዝም ትላለህ? መልስ እንጂ!»

ፍልሰታ ሊፈታ ገና ስምንት ቀን ይቀረዋል። ዋለልኝ ከንፈሩን ገጠመ። የተዘረጋውን እጅ ጨበጠ፣ ወንበሯን ዳግም አየት አደረጋት፤ ዱላውን እንደ ገና ተጫዋች ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ በብረት ጫማው ሣሩን እየረገጠ፣ ወደ ፓርኪንጉ ሄደ።